በማንኪያ የሚበላ አሬራ

ረቡዕ ጠዋት ኑኃሚን ከአልጋዋ ስትወርድ መጀመሪያ ያየችው አምፖሉን ነው። በርቷል። በፈረቃው መሠረት ሌሊት ይመጣል የተባለው መብራት ለአንድ ጊዜ ቃሉን አክብሮ መጥቷል። ነጠላዋን ደረብ አድርጋ ወደ ሳሎን ወጣች። ፍሪጁ የሚቀመጠው ሳሎን ውስጥ ነው፤ ወጥ ቤቱ ጓሮ ስለሆነና ሶኬት ስለሌለው ብቻ አይደለም፤ በዚያ ዘመን ቦንጋ ውስጥ ፍሪጅ የገዛ ሰው እንግዳ በማያይበት ቦታ አያስቀምጠውም ነበር። የላይኛውን ክፍል ከፍታ ዝርጉን የአሉሚኒየም ትሪ ሳብ አደረገችና በሹካ ጫፍ ነካችው። አልጠጠረም፤ እንደ እርጥብ ጨው ፍርፍር አለ። የምትፈልገው ይህንኑ ነው። ከዳር ወደ መሀል እየፋቀች አፈራርሳ መለሰችው። ከዚያ ፊቷን ታጠበች፣ ለአብነት ሻይ ጣደች፣ ለጥር ፀሐይ መስኮቱን ከፈተች። ቀኑ ጾም ስለሆነ ለራሷ ምንም አላሰበችም።

ሥራው ከባድ አይደለም፤ ትዕግሥት ብቻ ይፈልጋል። አሬራውን በስስ ጨርቅ ታጠልላለች፤ ከደካ ገጠር የሚመጣላትን ነጭ ማር በለብታ ውሃ ታሟሟለች፤ ሎሚ ትጨምቅበታለች፤ የተወቀጠ ኮረሪማ ቆንጥራ ትነሰንስበታለች። ዳር ዳሩ መርጋት ሲጀምር ታወጣዋለች፣ በሹካ ታፈራርሰዋለች፣ ትመልሰዋለች፣ ደግሞ ታወጣዋለች። ማሩ ከበዛ አይረጋም፤ ካነሰ ድንጋይ ይሆናል። የኬሚስትሪ አስተማሪ ስለሆነች ምክንያቱን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ማስረዳት ትችላለች፤ ልኩን ያገኘችው ግን ብዙ አሬራ አበላሽታ ነው። በማንኪያ ሲበላ መጀመሪያ ቅዝቃዜው፣ ቀጥሎ ማሩ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ የመናጫው የወይራ ጭስ ይመጣል። ጭሱ ካልመጣ አሬራ መሆኑ አይታወቅም።

የባሏ ታናሽ እህት አብነት የቢሮ ጫማዋን እንዳጠለቀች ከጓዳ ወጣች። ኑኃሚን በማንኪያ ጫፍ ቆንጥራ አቀረበችላት።

“ቅመሺልኝ፤ እኔ ጾም ላይ ነኝ።”

አብነት ወደ ወንጌል አማኞች መሄድ ከጀመረች ቆይታለች፤ ረቡዕና ዓርብ አያግዷትም። ቆማ ዋጠች።

“ኮረሪማው አልበዛም?” አለች ኑኃሚን።

“ልክ ነው። ስሙን ግን ቀይረነዋል። አሬራ ብቻ ከተባለ ቀላል ይመስላል ተባለ። ‘እሴት የተጨመረበት የወተት ተዋጽኦ’ ነው የሚባለው።”

“በረዶ መሆኑስ የት ገባ?”

“እሱ ሲብራራ ይነገራል።”

ኑኃሚን አሬራ ማቀዝቀዝ የጀመረችው ባሏ ተድላ ታሞ ምንም መዋጥ ባቃተው ጊዜ ነው። ስለዚያ ጊዜ ከዚህ የበለጠ አታወራም። ተድላ ካረፈ ዓመት አልፎታል፤ ሁለቱ ሴቶች በአንድ ጣሪያ ሥር ስሙን ሳይጠሩ መኖርን ለምደውታል። “ያኔ” ይላሉ። በር ጀርባ የተሰቀለውን የሱን ካፖርት “ያ ካፖርት” ይሉታል። ስሙን የሚጠሩት ጎረቤታቸው እትዬ ዘርትሁን ብቻ ናቸው። ተድላ የእንስሳት ሐኪም ነበር፤ አንድ ክረምት የእትዬ ዘርትሁን ላም ምጥ ጠንቶባት ሊያጧት ሲሉ ጥጃውን በእጁ አዙሮ አወጣላቸው፤ ክፍያም እምቢ አለ። “እንግዲህ እኔ ያለኝ አሬራ ነው” አሉት። “አሬራ ከሆነማ እወዳለሁ” አለ። ከዚያ ወዲህ እትዬ ዘርትሁን በናጡ ቁጥር በጆግ አሬራ ይዘው ይመጣሉ፤ በሩን አንኳኩተው “የተድላን አምጥቻለሁ” ይላሉ። ከቀብሩ በኋላም አልቀየሩትም። ገብተው ይቀመጣሉ፤ ለሥራ ቢታ ገነት ወርዶ ሊመለስ ስለዘገየ ሰው እንደሚወራ ስለ ተድላ ያወራሉ፤ ስለ ላሟ፣ ጫማውን ጭቃ ውስጥ ትቶ ስለወጣበት ቀን። ኑኃሚን ትሰማለች። ሲሄዱ አሬራውን ታጠልላለች።

ነገሩ ከሳሎን ወደ አዳራሽ የወጣው በአብነት መሥሪያ ቤት፣ በግብርና ጽሕፈት ቤቱ፣ ምክንያት ነው። ያን ዓመት ሁሉም ባለሙያ ከቢፒአር፣ ከአሠራር ለውጡ ሥልጠና ሲመለስ አንድ “ምርጥ ተሞክሮ” ይዞ እንዲቀርብ ታዟል። አብነት ተሞክሮ አልነበራትም፤ የነበራት ማታ ማታ በማንኪያ የምትበላው ነገር ነው። እሱን ተናገረች። የክፍሉ ኃላፊ ሳምሶን ወደደው፤ ይልቁንም በመጋዘን ሥራ ፈትቶ ከቆመው፣ እጀታው ከሚዞረው የተሻሻለ የብረት መናጫ ጋር አብሮ ቢቀርብ ሁለት ሥራ በአንድ ቀን ይከናወናል ብሎ ወሰነ። ሰኞ ዕለት በብረቱ ናጡበት። ቅቤ ወጣ። አሬራው ግን ሲቀዘቅዝ እንደ ጠመኔ ሆነ፤ አብነትም ቀምሳ ማንኪያውን አስቀመጠች። “እትዬ ዘርትሁን ባመጡት ሥሪው፤ ማን ያውቃል” አለች በመጨረሻ። እትዬ ዘርትሁን ማክሰኞ ጠዋት ናጡ፣ ከወትሮው አብዝተው አመጡ፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ አብነት ቤታቸው ሄዳ የቅል መናጫቸውን ለአንድ ቀን ተዋሰች፤ እንግዳ ከክልል እንደሚመጣና ቅሉ በክብር እንደሚታይ ነገረቻቸው። አጥበው፣ በወይራ አጥነው፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው ሰጧት።

ኑኃሚንና አብነት በረዶውን የጫኑት ከእንስሳት ክሊኒኩ በተዋሱት ሰማያዊ የክትባት ሳጥን ነው። ክዳኑ ላይ በነጭ ቀለም የተጻፈው ቁጥር የማን እጅ ጽሑፍ እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። በየጎናቸው እጀታውን ይዘው አነሱት፤ እስከ አዳራሹ ድረስ ስለ መብራት አወሩ።

አዳራሹ ውስጥ ጠረጴዛዎቹ ባንዲራ የሚመስል ወረቀት ለብሰዋል። መሀል ላይ የብረቱ መናጫ ተወልውሎ ቆሟል፤ በካርቶን ላይ በወፍራም ማርከር “አሁን” ተብሎ ተጽፎበታል። ከጎኑ የእትዬ ዘርትሁን ቅል አለ፤ ከጭስ ብዛት ጠቁሮ የሚያብለጨልጭ፣ አንገቱ በቆዳ የታሰረ። የሱ ካርቶን “በፊት” ይላል። ኑኃሚን ካርቶኑን አየች፤ አብነትን አየች። አብነት ብርጭቆ ትቆጥር ነበር።

“ብርጭቆዎቹ ይሞሉ” አለ ሳምሶን።

“እንግዳው ሲመጡ ይሻላል፤ ይቀልጣል” አለች ኑኃሚን።

“ቲቸር፣ ባዶ ጠረጴዛ ለእንግዳ አይታይም። ደግሞ ፎቶ አለ። ቶሎ እንጀምራለን።”

ተሞሉ። በየብርጭቆው አንድ አንድ ማንኪያ ቆመ፤ ለትንሽ ጊዜ ነጭ ሆነው፣ ጤዛ አውጥተው ያማሩ ነበሩ። የመዝገብ ቤቱ ሽማግሌ ጋሽ ኃይለመስቀል ቀረብ ብለው ተመለከቱና “የጾም የለውም?” አሉ።

“የምን የጾም?” አለ ሳምሶን።

“ዛሬ ረቡዕ ነው፤ ይሄ የወተት ነው። ግማሹ ሰው እኮ አይቀምስም።”

ሳምሶን ፊቱ ላይ እጁን አሳለፈ። ቀኑን የመረጡት በእንግዳው ፕሮግራም ነው እንጂ በማንም ሃይማኖት አይደለም። ጥቂት አሰበና የሚጾሙ እንግዶች ብርጭቆውን ይዘው ፎቶ እንዲነሱ፣ ከዚያ እንዲመልሱት ወሰነ። “መያዝ አያስገድፍም” አለ። ጋሽ ኃይለመስቀል “መያዙስ አያስገድፍም፤ መመልከቱን ግን እንጃ” ብለው ወደ ወንበራቸው ሄዱ።

እትዬ ዘርትሁን አዲስ ነጠላ ለብሰው መጡ። ኑኃሚን ተነስታ ከጎኗ አስቀመጠቻቸው። ወንበሮቹን፣ ማይኩን፣ ወረቀቱን አዩ። “ይሄ ሁሉ ለኔ ቅል ነው?” አሉ እየሳቁ። “እንዲህ መሆኑን ትናንት ቢነግሩኝ ቅቤ እቀባው ነበር።” ከዚያ ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው “ምን ተብሎ ነው የተጻፈበት?” ሲሉ ጠየቁ።

“የድሮ ነው ነው የሚለው” አለች ኑኃሚን።

“እሱማ የድሮ ነው። የእናቴ ነው።” ደስ አላቸው።

እንግዳው የመጡት ፀሐይዋ አናት ላይ ስትወጣ ነው፤ ቀደም ብለው ዋጫ ከተማ ሌላ ስብሰባ ነበራቸው። ሳምሶን የእንኳን ደህና መጡ ንግግር አደረገ። ቀጥሎ ሌላ ኃላፊ የእንኳን ደህና መጡ ንግግሩን አመሰገነ። ስለ ሩብ ዓመቱ ዕቅድ ተነገረ፣ ስለ ፓኬጁ፣ ስለ አመለካከት ችግር፤ ከዚያም ስለ ጊዜ አጠቃቀም ረዘም ያለ ንግግር ተደረገ። በቆርቆሮው ጣሪያ ሥር ሙቀቱ እየጨመረ ሄደ። ኑኃሚን ከተቀመጠችበት ብርጭቆዎቹን ታይ ነበር። መጀመሪያ ማንኪያዎቹ ዘንበል አሉ። ቀጥሎ ዳር ዳሩ ውሃ አወጣ። መጨረሻ ላይ ማንኪያዎቹ የብርጭቆውን ከንፈር ተደግፈው ቀሩ፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲረጋ ያደረው ነገር ተመልሶ አሬራ ሆነ።

አብነት ማብራሪያውን ለማቅረብ ወረቀቷንና ማይኩን ያዘች። ጥሩ ተናጋሪ ናት፤ ድምፅዋ የወንድሟን ይመስላል። “ቀደም ሲል” አለች ወደ ቅሉ እያመለከተች፣ “እናቶቻችን በዚህ ዓይነት ኋላቀርና ንጽሕናው ባልተጠበቀ ዕቃ ሲናጡ ኖረዋል። ከዚህ የሚገኘው አሬራ ለሆድ ሕመምና ለልዩ ልዩ በሽታ ያጋልጣል፤ በዚህም ምክንያት ብዙ ሰው ተጎድቷል። አሁን ግን...” ወደ ብረቱ ዞረች።

እትዬ ዘርትሁን ቆይተው ወደ ኑኃሚን ጆሮ ጎንበስ አሉ።

“ልጄ፣ ተድላን እኔ ነኝ የገደልኩት እያለች ነው?”

“አይደለም እትዬ። ወረቀት እያነበበች ነው።”

“የሆድ ሕመም አለች እኮ። የሱም ሆዱ አልነበረም?”

ኑኃሚን እጃቸውን ያዘች። ዝም ብላ ብትቀመጥ ምን እንደሚሆን ታያት፤ እትዬ ዘርትሁን ቤታቸው ይገባሉ፣ አንድ ሌሊት ያስቡበታል፣ በሚቀጥለው ጊዜ ጆጉን አንስተው ደግመው ያስቀምጡታል፣ ከዚያ በኋላ አይመጡም። ብትናገር ደግሞ የምታዋርደው ማታ አብራት ራት የምትቀርበውን ሰው ነው። ገና ስታመዛዝን ጭብጨባው ተሰማ፤ ብርጭቆ ይታደል ተባለ።

የሚጾሙት ይዘው ፎቶ ተነሱ። የማይጾሙት ማንኪያውን አውጥተው ጠጡ። እንግዳው አንድ ጊዜ ተጎነጩ፣ ቆም አሉ፣ እስከ መጨረሻው ጨለጡት። ማይክ ቀረበላቸው። “እኔ የገጠር ልጅ ነኝ፤ አሬራ አውቃለሁ” አሉ። “እንዲህ ያለ አሬራ ግን እናቴ ካረፈች ወዲህ አልጠጣሁም። ይሄንን ያወጣው ይሄ ብረት ነው?”

“አዎ ክቡር እንግዳችን፤ ቴክኖሎጂው ነው” አለ ሳምሶን።

ኑኃሚን ተነሳች። ማይክ አልሰጧትም፤ ግን ክፍል ሙሉ ተማሪ ማሰማት የለመደ ድምፅ ነው። “ብረቱ አይደለም” አለች። “አሬራው የእትዬ ዘርትሁን ነው። የተናጠው ትናንት ጠዋት፣ በዚህ ‘በፊት’ በተባለው ቅል ነው። ባለቤቴ ተድላ በመጨረሻው ጊዜ ሆዱ የተቀበለለት ይህንኑ ብቻ ነበር። በዚህ ምክንያት የታመመ ሰው አላውቅም።”

አብነት ወለሉን አየች። ሳምሶን ካርቶኖቹን አየ፤ እጁ ወደ አንደኛው ሄዶ ተመለሰ። እትዬ ዘርትሁን ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። እንግዳው ብርጭቆውን አስቀምጠው ቅሉን አነሱ፤ አሸተቱት፤ ፊታቸው ላይ እውነተኛ ደስታ ታየ።

“እናት፣ እስቲ ወደዚህ ይምጡ።”

እትዬ ዘርትሁን ወጡ። እንግዳው ትከሻቸውን አቅፈው ወደ ሕዝቡ አዞሯቸው።

“አያችሁ? ምርጥ ተሞክሮ ማለት ይሄ ነው። እኚህ እናት በዚህ ኋላቀር ዕቃ ይሄን የመሰለ አሬራ ካወጡ፣ በዘመናዊው መናጫ ምን ሊያወጡ እንደሚችሉ አስቡት።” ጭብጨባ ሆነ። “ስለዚህ ይሄ የብረት መናጫ ከዛሬ ጀምሮ የእርስዎ ነው።” ጭብጨባው ጨመረ። “ይሄ ቅል ደግሞ ቅርስ ነው። እንዲህ ጓዳ ለጓዳ ተንከራቶ መሰበር የለበትም። እኔ ራሴ አዋሳ ወስጄ በስማቸው እንዲቀመጥ አደርጋለሁ።”

“እሱ እንኳ...” አሉ እትዬ ዘርትሁን።

“ይገባዎታል፣ እናት” አሉ እንግዳው።

ሳምሶን ከኋላ ቀረብ ብሎ “እትዬ፣ እጅ ይንሱ” አለ በሹክሹክታ። እጅ ነሱ። ፎቶ ተነሱ፤ አንድ እጃቸው በብረቱ እጀታ ላይ፣ ሌላው በእንግዳው እጅ ውስጥ ሆኖ። ቅሉ ጠቅልለው በሰጡት በዚያው ጨርቅ ተጠቅልሎ ላንድክሩዘሩ ውስጥ ሲገባ ኑኃሚን በሩ ላይ ደረሰች። ሾፌሩን ልታነጋግረው ሞከረች። “የሴትዮዋ ነው እኮ፤ ለዛሬ ብቻ ነው የተዋሱት” አለችው። ሾፌሩ ጨዋ ሰው ነው፤ “አይስጉ፣ እንደ ልጅ ነው የምይዘው” ብሎ በሩን በቀስታ ዘጋው።

ብረቱን ኑኃሚንና እትዬ ዘርትሁን ለሁለት ይዘውት ቁልቁል ወረዱ። ከባድ ነው፤ በየደቂቃው ያሳርፉታል። መንገድ ላይ ያገኛቸው ሰው ሁሉ “እንኳን ደስ ያለዎት” ይላል፤ እትዬ ዘርትሁን “እንኳን አብሮ ደስ ያለን” ይመልሳሉ። ከድልድዩ አለፍ ብለው አረፉ።

“ሰውየው ክፉ አይደሉም” አሉ እትዬ ዘርትሁን።

“አይደሉም።”

“ክፉ ቢሆኑ እምቢ እል ነበር። እንዲያ አቅፎ ያከበረሽን ሰው፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት፣ እንዴት አድርገሽ እምቢ ትያለሽ?” ብረቱን በእጃቸው ዳበስ አደረጉት። “ስሙን ጠራሽው።”

“አዎ።”

“ደግ አደረግሽ” አሉ። ከዚያ ብረቱን እንደገና አነሱት።

ማታ ኑኃሚንና አብነት ፊት ለፊት ተቀምጠው ራት በሉ። አብነት ምስር ወጡን በእንጀራ ጠርዝ ስታዳርስ ቆይታ “ሳምሶን ደስ ብሎታል” አለች። “አንድ እናት የተሻሻለ መናጫ ተጠቃሚ ሆነዋል ተብሎ ሪፖርት ይገባል። አንቺንም አመስግኗል።”

“ጥሩ ነው።”

“የተሰጠኝን ነው ያነበብኩት፣ ኑኃ። የእትዬ ዘርትሁንን ሊነካ ይችላል ብዬ አላሰብኩም።”

“አውቃለሁ።”

“ግን እሱን እዚያ ማንሳት አልነበረብሽም። ሰው ሁሉ እያጨበጨበ።”

“ሳነሳው አላጨበጨቡም” አለች ኑኃሚን። “ያጨበጨቡት በኋላ ነው።”

አብነት ሳህኖቹን ሰብስባ ወደ ጓሮ ወጣች፤ ውሃው ከሚያስፈልገው በላይ ሲፈስ ተሰማ። ተመልሳ መጥታ ደህና እደሪ ብላ በሯን ዘጋች።

ቅዳሜ ጠዋት እትዬ ዘርትሁን ባዶ እጃቸውን መጡ። አልተቀመጡም፤ ደፍ ላይ እንደቆሙ ተናገሩ። “ናጥኩበት። ቅቤውስ ይወጣል። አሬራው ግን ብረት ብረት ይላል፤ ጭስ ቢያሳዩት አይዝም። ይሄንን ለተድላ አላመጣም።”

“ሌላ ቅል ብንፈልግስ?”

“አዲስ ቅል መራራ ነው፤ እስኪለቅ ስንት ዓመት ይፈጃል። ያንን እናቴ ናት አለስልሳ የሰጠችኝ። እኔ መራራውን ሳላየው ነው ያገኘሁት።” ነጠላቸውን አስተካከሉ። “ወተቱን ለካፌው ልስጥ እንግዲህ። ካልናጡት ምን ይደረጋል።”

ኑኃሚን በሚቀጥለው ሳምንት ቢሮ ሄዳ ሳምሶንን ጠየቀችው። ወንበር ሰጣት። ቅሉ አዋሳ መስታወት ውስጥ መቀመጡን፣ ከሥሩም የእትዬ ዘርትሁን ሙሉ ስም መጻፉን በኩራት ነገራት። “እዚህ ቢሆን እኮ አይጥ ይበላው ነበር፣ ቲቸር” አላት። ያሾፈባት አልነበረም። አመስግናው ወጣች።

እትዬ ዘርትሁን መንገድ ላይ ሲያገኟት ቆመው፣ ስመው፣ ስለ ጤናዋ ጠይቀው ያልፋሉ። ቤት ግን አይመጡም፤ ባዶ እጃቸውን ሰው ቤት ደጋግመው የሚሄዱ ሴት አይደሉም። አብነት በዓመቱ መጨረሻ እድገት አገኘች። ፈረቃው ቀርቷል፤ ፍሪጁ ሌት ተቀን ይሠራል። በዚያ ቤት ውስጥ የተድላን ስም የሚጠራ ሰው የለም።